መምህሩን የለጎመው ዳኛ

አንድ ዳኛ በአንድ የወንዝ ዳር ከተማ ይኖር ነበር፤ ስሙ ጥላዬ ነው። ወደ ችሎት ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ ይልለታል፣ ሲወጣም ብድግ ይልለታል። ይህን ከመልመዱ የተነሣ ሻይ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሣ ካየ ለእሱ የተነሣ እየመሰለው "በእግዜር፣ ተቀመጡ" ይላል። ክፉ ሰው ግን አልነበረም። ፍርዱ አያዳላም፣ ጉቦ አይቀምስም፣ የጠርሙስ ቂጥ በሚያህለው መነጽሩ የከሳሽንም የተከሳሽንም ፊት እኩል ያያል።

እሱ ራሱ ብድግ የሚልለት ሰው ነበረ። በልጅነቱ ያስተማሩት መምህር ገብረየስ ናቸው። ከሩቅ ብቅ ሲሉ ኮቱን ይቆልፋል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ወገቡ እስኪታጠፍ እጅ ይነሣል። መንገድ ላይ አብረው ሲሄዱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀራል። እሳቸው እንዲደርስባቸው ቆመው ሲጠብቁት እሱም ይቆማል። እንዲህ ሲጠባበቁ አጭሩ መንገድ ይረዝምባቸዋል።

መምህር ገብረየስ በከተማው ውስጥ "ጠመኔ ጨራሽ" በሚል ቅጽል ስም ይታወቁ ነበር። ሲያስተምሩ የሚጽፉት በጣም ትልልቅ ፊደል ነበርና። አንድ "ሀ" ሰሌዳው ላይ ሲያሰፍሩ የጎጆ በር ታህል ነበር። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ሰሌዳው ያልቅባቸውና ያጠፋሉ፣ ከዚያ ይቀጥላሉ። ርእሰ መምህሩ በተማሪ ፊት "መምህር፣ የመንግሥት ጠመኔ እኮ ነው" ብለው ገሥጸዋቸዋል። ባልደረቦቻቸውም "ገብረየስ የሚጽፉት ለሰማይ ቤት ነው" እያሉ ይሥቁባቸው ነበር። እሳቸው ግን ዱቄቱን ከእጃቸው ላይ እፍ እያሉ "ምን ላድርገው፣ የእጄ አመል ነው" ይሉ ነበር። ስሙ ከተማሪ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ ገበያ ወጣና እዚያው ቀረ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ መምህር ገብረየስ ዕድሜ ልካቸውን በሆዳቸው ይዘውት የኖሩትን ነገር ለማድረግ ተነሡ። የአንድ ሰው ተውኔት ደርሰው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ በከተማው አዳራሽ ብቻቸውን ሊጫወቱት ነው። ማስታወቂያው ተለጠፈ። የከተማው ወሬ ሁሉ ይኸው ሆነ።

በዚያው ሰሞን መምህሩ ወደ ዳኛው ቤት መጡ። ዳኛው እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ፣ እጅ ነሥቶ፣ ከትልቁ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሻይ ቀረበ። እሳቸው ግን እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር አላወጡም፤ ሻዩ ቀዘቀዘ።

"ሻዩን ይጠጡ እንጂ ጋሼ" አለ ዳኛው።

"ብጠጣውማ ደስ ባለኝ። ምንጣፍህ ያሳዝነኛል እንጂ" አሉና እጃቸውን አወጡ።

ሁለቱም እጆች ይንቀጠቀጡ ነበር። ወንፊት ይዞ ዱቄት የሚነፋ ሰው እጅ ይመስሉ ነበር፤ ወንፊቱ ግን የለም። 

"ይህን ያየ ሐኪሙና አንተ ብቻ ናችሁ" አሉ መምህሩ። "ቁልፍ መቆለፍ አልችልም። ተውኔቱ ላይ ደግሞ ሦስት ሰውና አንዲት በቅሎ ሆኜ ነው የምጫወተው። ደጋግሜ ልብስ መቀየር አለብኝ። ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ የሚያለብሰኝ ሰው ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"ሰው ቢያውቅስ ምን አለበት ጋሼ? ሕመም ነውር ነው እንዴ?"

"ነውር አይደለም። ግን ሰው እጄን ካየ ተውኔቱን አያይም። ሲያዝንልኝ ያመሻል። እኔ የምፈልገው እንዲያዝኑልኝ ሳይሆን እንዲሥቁ ነው። ስመኝ የኖርኩት ይችን አንድ ቀን ነው ጥላዬ። ሕመሙ ሲብስ ሁለተኛ ቀን አይኖራትም።"

ዳኛው አንገቱን ደፍቶ "አለሁልዎት" አለ።

ልምምዱ የሚደረገው ዳኛው ከችሎት ሲወጣ በዚያው አዳራሽ ነበር። ተውኔቱ ስለ አንዲት በቅሎ ነው። አንድ ባላገርና አንድ ነጋዴ "በቅሎዋ የእኔ ናት" "የለም፣ የእኔ ናት" ይባባላሉ። በመጨረሻም በቅሎዋ ራሷ ችሎት ቀርባ ትመሰክራለች፤ ዳኛም ይፈርዳል። ሁሉንም የሚሆኑት መምህር ገብረየስ ናቸው። ዘዴኛ ሰው ናቸውና ለእያንዳንዱ እጁን የሚደብቅበት ነገር አበጅተውለታል። ባላገሩ ዱላውን በሁለት እጁ ጨብጦ መሬት ላይ ይተክለዋል። ነጋዴው እጁን ጋቢው ውስጥ ይቀብራል። በቅሎዋ ጉልበቷን ጨምድዳ ይዛ አጎንብሳ ትሄዳለች። ዳኛው ደግሞ ሰፊ እጅጌ ባለው ጥቁር ካባ ውስጥ እጆቹን ያቆላልፋል። ካባው የራሱ የዳኛ ጥላዬ አሮጌ የችሎት ካባ ነበር። መምህሩ ልብስ ለመቀየር ወደ መጋረጃው ጀርባ ሲገቡም ንግግራቸውን አያቋርጡም። ተመልካቹ ድምፃቸውን እየሰማ ይቆያል፤ ጥላዬም በዚያች አፍታ ውስጥ አልብሶ መመለስ አለበት።

ችግሩ ጥላዬ ዘንድ ነበር። ካባውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ለጳጳስ ልብስ እንደሚያቀርብ ዲያቆን ያቀርባል። ከዚያ እሳቸው እጅጌውን እስኪያጠልቁ ይጠብቃል። የላብ መጥረጊያ ፎጣ ይዘረጋላቸዋል እንጂ ፊታቸውን አይነካም። የመምህሩ ንግግር አልቆ መድረኩ ጭር ይላል፣ እሱ ገና "ይፈቅዱልኛል ጋሼ?" እያለ አንደኛው ቁልፍ ላይ ነው።

"ጥላዬ" አሉት አንድ ቀን፣ "እኔ ሙሽራ አይደለሁም። ያዘኝ፣ አገላብጠኝ፣ አልብሰኝ፣ ገፍትረህ አስወጣኝ።"

"እርስዎን ገፍትሬ? እጄ ይቆረጥ!"

"የአንተም እጅ ከተቆረጠማ ሁለታችንም ባዶ ቀረን" አሉና ሣቁ።

ከሁሉም የከበደችው በቅሎዋ ነበረች። ከጆንያና ከስፖንጅ የተሰፋ ኮርቻ አላት። ኮርቻው መምህሩ ጀርባ ላይ ተደርጎ ጠፍሩ በደረታቸው ዙሪያ ይታሰራል፤ ከዚያ ልጓም አለ። "በቅሎ የሚጭን ሰው አይተህ የለም?" አሉት መምህሩ። "ጉልበቱን ጎኗ ላይ ተክሎ ነው ጠፍሩን የሚስበው። አንተም ጉልበትህን ጀርባዬ ላይ አድርገህ ሳበው፤ አለዚያ ይወርድብኛል።" ጥላዬ "እሺ ጋሼ" አለ። እሺ ያለው ግን በአፉ ብቻ ነው። ፊደል ያስቆጠረውን ሰው መለጎሙ ሳያንስ ጉልበቱን ጀርባቸው ላይ ሊያሳርፍ! ይህን እንኳን ሊያደርገው ሊያስበውም አልፈለገም።

እሑድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከፊት ረድፍ ከከንቲባው ጎን ለዳኛው የተያዘ ወንበር ነበር። የአዳራሹ አስተናባሪ ወይዘሮ ትርፌ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ እያለች "ክቡር ዳኛ፣ ወንበርዎ ባዶ ነው፣ ሰው እየጠየቀ ነው" ትላለች። እሱም "ትንሽ ሥራ አለብኝ" እያለ ይመልሳታል። ልጓም በእጁ ይዞ የቆመ ዳኛ ምን ሥራ እንዳለበት አልገባትም፤ ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች።

መጋረጃው ተከፈተ። ባላገሩ ወጣና ሕዝቡን ገና በመጀመሪያው ቃል አሣቀ። ነጋዴው ተከተለ። ቀጥሎ የበቅሎዋ ተራ ነበር፤ ከችሎቱ በፊት ብቻዋን መንገድ ላይ ስታማርር የምትታይበት። መምህሩ እየተናገሩ ወደ መጋረጃው ጓሮ ገቡ። ጥላዬ ኮርቻውን አደረገና ጠፍሩን በጣቶቹ ጫፍ፣ ጨቅላ እንደሚያቅፍ ሰው ቀስ አድርጎ ቋጠረው። መምህሩ ወጡ። መድረኩ መሃል ሲደርሱ ኮርቻው ተንሸራተተና ሆዳቸው ሥር ተንጠለጠለ።

አንደኛው እጃቸው ሊይዘው ከጉልበታቸው ላይ ተነሣ። መነሣቱን ያየ ጥላዬ ብቻ ነው። መምህሩ እጁን እንደገና ጉልበታቸው ላይ ጨመደዱትና አንገታቸውን ወደ ሕዝቡ አዙረው በበቅሎዋ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

"እናንተ ሰዎች፣ አንድ የሚሳሳልኝ ሰው አለኝ። እንዳያመኝ ብሎ ጠፍሩን ያላላልኛል። እግዜር ይስጠው። ግን ጀርባዬን የላጠኝ የማንም ዱላ አይደለም፤ የእሱ መሳሳት ነው።"

አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ሰው ሁሉ ይህ ከድርሰቱ ውስጥ ያለ መሰለው። ጥላዬ ግን ቃሉ ከድርሰቱ እንዳልነበረ ያውቃል፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። እስከዚያች ሰዓት መምህሩን የሚያከብር ይመስለው ነበር። ለካ ሲያከብር የኖረው የራሱን ጨዋነት ነው። እሳቸው የሚንቀጠቀጥ እጃቸውን ይዘው ሲመጡ እሱ የሰጣቸው እጁን ሳይሆን ያወለቀውን ባርኔጣ ነበር።

መምህሩ ወደ ጓሮ ሲመለሱ ጥላዬ እጅ አልነሣም። ልጓሙን መንጭቆ አወለቀና የሚያስቀምጥበት ቦታ ቢያጣ የራሱ አንገት ላይ ጣለው። ኮርቻውን ገፈፈ። ፊታቸውን እናት የልጇን ፊት እንደምትጠርግ በፎጣ ፈተገው። ክንዳቸውን ይዞ እጅጌው ውስጥ ከተተ፣ ካባውን ቆለፈ፣ በትከሻቸው አዙሮ ገፈተራቸው። የተውኔቱ ዳኛ መድረክ ላይ ወጣ፤ ንግግሩም አልተቋረጠም። በቅሎዋ ለምስክርነት ስትጠራ ጥላዬ ልጓሙን ካንገቱ አውልቆ ለጎማቸው፣ ጉልበቱን ጀርባቸው ላይ ተከለ፣ ጠፍሩንም ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። መምህሩ በንግግራቸው መሃል "እህ" አሉ። ዞር ብለውም በዓይናቸው ሣቁ።

በቅሎዋ ችሎት ፊት ቀርባ "ጠበቅ አድርጎ የሚጭነኝ፣ ሲያወርድም ጀርባዬን የሚያሽልኝ፣ እሱ ነው ጌታዬ" ብላ ባላገሩን መረጠች። የተውኔቱ ዳኛም ለባላገሩ ፈረደ። ተውኔቱ አለቀ። ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ዓይኑን የሚጠርገው ሰው ሁሉ ከሣቅ ብዛት ነበር የሚጠርገው። መምህር ገብረየስ የተመኙት ይህንን ነው፤ አገኙት።

ሁለቱ ሰዎች ሁሉን ነገር አስበው አንድ ነገር ረስተው ነበር። በዚያ ከተማ ሰው ሳይሸለም ከመድረክ አይወርድም። ከንቲባው ትልቅ የመስታወት ዋንጫ ይዘው ወጡና በሁለት እጃቸው ዘረጉላቸው። መምህሩ እጃቸውን ከካባው እጅጌ ውስጥ አላወጡም። ፈገግ እንዳሉ ወደ መጋረጃው አየት አደረጉ። ደክሟቸው ስለነበር እጅጌው ራሱ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። አንድ አፍታ ቢቆይ ሁሉም ያየዋል። ዋንጫውን ቢቀበሉ ደግሞ መሬት ላይ ይደቃል፣ ያ ሁሉ ሣቅም ወደ "ወይኔ፣ ምስኪን" ይለወጣል።

ጥላዬ ስሙን የሚወድ ሰው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያለ እንከን የጠበቀው ስሙን ነው። ቢሆንም ወጣ። ጉልበቱ አቧራ ለብሷል፣ መነጽሩ በላብ ደብዝዟል፣ ልጓሙ እንደገና አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በመምህሩና በከንቲባው መካከል ገብቶ ዋንጫውን ተቀበለና ደረቱ ላይ አቀፈው።

ከንቲባው ግራ ተጋብተው "ክቡር ዳኛ፣ ዋንጫው እኮ ለመምህሩ ነው" አሉት በቀስታ።

"እሳቸው ሊይዙት አይችሉም" ማለት አይችልም። ስለዚህ ጮክ ብሎ "ለእኔም ይገባኛል፣ ስለፋ ነው የዋልኩት!" አለ።

አዳራሹ አጉረመረመ። "በሰው ሠርግ ልሞሸር ያለ ዳኛ ዛሬ አየን" አለ አንዱ። "ሰው በዚህ ዕድሜው ዋንጫ ይቀማል?" አለ ሌላው። ወይዘሮ ትርፌም "ወንበሩን ትቶ ጓሮ የተደበቀው ለካ ለዚህ ኖሯል" ብላ ነገሩን ዘጋችው። ዓይን ሁሉ ዳኛው ላይ ነበርና የመምህሩን እጅጌ ያየ ማንም አልነበረም። መጋረጃው ተዘጋ።

ከመጋረጃው ጀርባ መምህር ገብረየስ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን አውጥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት፤ አሁን እንደልቡ ይንቀጠቀጣል። "ጥላዬ፣ ነገ ከተማው ምን እንደሚልህ ታውቃለህ?" አሉ።

"ይበሉ ጋሼ። እርስዎንም ጠመኔ ጨራሽ ይሉዎት ነበር።"

 መምህሩ ቀና ብለው "ታውቅ ነበር?" አሉ።

"መነጽር ካደረግሁ በኋላ ነው ያወቅሁት። ሌላ ከተማ ተምሬ ስመለስ በትምህርት ቤታችን መስኮት የሌሎቹን መምህራን ሰሌዳ አየሁ። የሁሉም ፊደል ትንንሽ ነበር። እኔ የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ ከሰሌዳ የማየው የእርስዎን ፊደል ብቻ ነበር። አላይም ብዬ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእርስዎም።"

"ዓይንህን ስታጨናብስ አይቼ ነበር" አሉ መምህሩ። "ፊት ወንበር ባስቀምጥህ 'ዕውሩ' ብለው ስም ያወጡልሃል። አንተ ደግሞ ኩሩ ልጅ ነበርክ፤ ትምህርቱን ጥለህ ትጠፋ ነበር። ስም መውጣቱ ካልቀረ ለእኔ ይውጣ አልኩ። ጠመኔ ርካሽ ነው።"

ዳኛው አለቀሰ። ችሎት ላይ ስንት ሰው ፊቱ ሲያለቅስ ያየ ሰው እንዴት እንደሚለቀስ የማያውቅ ይመስል መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ አለቀሰ። "አመሰግናለሁ ጋሼ" አለ። "ይህን ቃል በአፌ ብዬዎት አላውቅም። እጅ ስነሣ ያልኩ ይመስለኝ ነበር።"

"ሰምቼሃለሁ፤ ግን ይህኛው ይሻላል" አሉት።

ሻይ መጣላቸው። ጥላዬ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አላቀረበም። አጠገባቸው ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ፣ በአንድ እጁ ጭንቅላታቸውን ደገፍ አደረገ፣ በሌላው ብርጭቆውን ከከንፈራቸው አገናኘ። መምህሩ ሻዩን ትኩስ እንዳለ እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ዋንጫው በማግሥቱ መምህሩ ቤት ገባ። ወሬው ግን በከተማው ቀረ፤ ጥላዬንም "ባለዋንጫው" ይሉት ጀመር። ዛሬም ወደ ችሎት ሲገባ ሰው ብድግ ይልለታል። ከኋላ ረድፍ ግን አንድ ሁለት ሰው አፉን በእጁ ይሸፍናል። እሱም አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ መምህሩም ከእጃቸው ላይ ዱቄቱን እፍ ሲሉ እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት።

በአንድ እጅ አይጨበጨብም ይባላል። የአንድ ሰው ተውኔት የሚባለውም ነገር እንዲሁ በማስታወቂያው ላይ ነው አንድ ሰው የሚሆነው። ብቻውን ቆሞ ያየነው ሰው ሁሉ ከጀርባው ጠፍሩን የሳበለት ሰው አለ። ማክበር መልካም ነው፤ ወገብ ማጠፍም ያምራል። የምንወደው ሰው ሲቸገር ግን የሚፈልገው እጅ መንሣታችንን ሳይሆን እጃችንን ነው። የሰውን ጉድለት ሸፍኖ መመስገን ቀላል ነው። ከባዱ ጉድለቱን ሸፍኖ ክፉ ስሙን ለራስ መውሰድ ነው። ይህን ያደረገልን ሰው ደግሞ ራሱ አይነግረንም፤ እኛው መነጽር አድርገን ልናየው ይገባል።

እስቲ ይህን ያነበቡ ወዳጄ ልጠይቅዎ፤ እርስዎ ከኋላ ወንበር ሆነው እንዲያዩ ሲል "ጠመኔ ጨራሽ" የተባለልዎ ሰው ማን ነበር? አመሰግናለሁ ብለውታል ወይስ እጅ ነሥተው ብቻ አለፉ?